ሙቀት የምታይ መነጽር

«ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ሲባል ሰው ይስቃል። አባቴ ግን አይስቅም ነበር። ገንፎ ሲቀርብለት መጀመሪያ በቀጭን እንጨት መሃሉንም ዳሩንም ወጋ ወጋ አድርጎ፣ ስንጥር አለመኖሩን አረጋግጦ ነው የሚጎርሰው። በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ስንጥር አገኘ፤ እሱም ሲወጋ ተሰብሮ የቀረው የራሱ እንጨት ነበር። «አላልኳችሁም?» እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮራብን።

የእሱ ልጅ ነኝ እንግዲህ። በዚያ ክፉ ዘመን ከአርማጭሆ ተነስቼ፣ ድንበር ተሻግሬ ሱዳን፣ ሀዋታ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስኳር የምገዛው ከአንድ ሱቅ ነው፤ ዛሬም ድረስ ግን ሳልቀምስ አልከፍልም። ጨው ቢሆንስ? ባለሱቁ መጀመሪያ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ ኋላ ሰለቸውና ለእኔ ብሎ አንዲት ማንኪያ በክር አንጠልጥሏል። ባለቤቴ ብርቄ «አንተ ሰውዬ፣ ጥላህ ሲከተልህ እንኳ ዞር ብለህ ‹ምን ፈለግህ?› ትለዋለህ» ትለኛለች። ታጋንናለች። አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኩት፣ እሱም መሽቶ ነበር።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ኑርሁሴን ነው። ኑርሁሴን ጎረቤቴ ነው። ድንበሩን የተሻገርነው በአንድ ሌሊት ነው፤ ከአንድ ቅል ውኃ ተጎንጭተን፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠልለን። ከዚያ ወዲህ አጥራችን አንድ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ክፉ አድርጎብኝ አያውቅም። እስቲ ፍረዱኝ፣ ይሄ ራሱ አያጠራጥርም? ሠላሳ ዓመት ክፉ ያልሠራ ሰው የሆነ ነገር እያጠራቀመ ነው ማለት ነው።

ሁለታችንም አደን እንወዳለን። ከሀዋታ ወጣ ብሎ፣ የራሀድ ወንዝ ሲጎድል ውኃ አቁራ የምትቀር አንዲት ኩሬ አለች፤ በበጋ ሚዳቋው ሁሉ በሌሊት እየመጣ የሚጠጣው ከእሷ ነው። ችግራችን ቢላዋው ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሱ እስላም ነው፤ እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላም፣ እሱ ያረደውን እኔ አልበላም። ሚዳቋ ደግሞ ያላት አንገት አንድ ነው። ስለዚህ ተራ ገባን፤ አንድ ሐሙስ የእኔ፣ አንድ ሐሙስ የእሱ። በእሱ ተራ «ቢስሚላሂ» ብሎ ያርዳል፣ ሥጋው እሱ ቤት ይገባል፣ ለእኔ ቆዳው ይደርሰኛል። በእኔ ተራ «በስመ አብ» ብዬ እኔ አርዳለሁ፣ ቆዳው ለእሱ ነው። ያለተራው የሚመጣው ሰው ሥራው ጓደኛውን ጅብ እንዳይበላው ከኩሬው ማዶ ተቀምጦ ማደር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሐሳብ የገባኝ። በእኔ ተራ እሱ ተኩሶ፣ ቢላዋዬ ሳይደርስ ብትሞትስ? ሳትታረድ የሞተች ለእኔም ለእሱም አትሆንም። ወይ ደግሞ ድምፅ አሰምቶ ቢያባርርብኝስ? ስለዚህ ሕግ አወጣሁ።

«ስማ ኑርሁሴን» አልኩት፤ «በእኔ ተራ ጥይቱም የእኔ፣ ቢላዋውም የእኔ ነው። አንተ ብታይም አትተኩስ። ትንፍሽም አትበል።»

«ተማም» አለኝ እየሳቀ።

አልተከራከረም። ሳይከራከር የተስማማ ሰው ደግሞ አያስተማምንም፤ ይህንንም በልቤ ያዝኩበት።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? በእሱ ሐሙስ ሚዳቋ ሞልቶ! በእኔ ሐሙስ ግን አንዲት ጥንቸል እንኳ ዝር አትልም። ዓመት ሙሉ! ሊነጋጋ ሲል ኑርሁሴን ከማዶ ጮክ ብሎ ይስላል፤ ያቺ ሳሉ የ«ተነስ እንሂድ» ምልክታችን ናት። ከዚያ ውኃውን ዞሮ ይመጣና አንገቱን ደፍቶ «ማፊ። ምንም አልመጣም» ይለኛል። እኔም አንዳች አላየሁ። ዓይኔን ሳልከድን ነው የማድረው፤ አልፎ አልፎ ለማሰብ ያህል እከድነው እንደሆነ ነው እንጂ። ታዲያ ሚዳቋ የማንን ተራ እንደሆነ ከየት ታውቃለች? ጾም አትጾም፣ ሶላት አትሰግድ። ካልነገሯት አታውቅም! የሚነግራት ደግሞ ከማዶ የተቀመጠው ሰው ነው።

ይሁን ብዬ እተወው ነበር፤ ጣጣው የመጣው በልጅ ልጄ ነው። ልጄ አለም የመጀመሪያ ልጇን፣ ወንድ፣ ወለደች። አርባ ቀኑ ሲሞላ፣ እሑድ፣ ክርስትና ሊነሳ ነው። የባሏ አባት አቶ ፈንታ የሚኖሩት ኒው ሀልፋ ነው፤ የሰሙትን የማይረሱ፣ ካልረሱት ደግሞ የማይተዉ ሰው ናቸው። በሠርጉ ጊዜ፣ ጠላው ትንሽ ሞቅ አድርጎኝ፣ «የእኔ ቤት ድግስ ላይ የፍየል ሥጋ አይቀርብም! የልጅ ልጄ ክርስትና ዕለት የሚዳቋ ጥብስ ነው የማበላዎት!» ብዬ ፎክሬባቸው ነበር። ይኸው ክርስትናው ሲቃረብ ስልክ ደወሉ።

«እንግዲህ ለሚዳቋ ጥብሱ ዘመድ አዝማድ ይዘን ልንመጣ ነው» አሉኝ። «ወይስ የሀዋታ ሚዳቋ አንቱን ስታይ ትሸሻለች?»

ሳቃቸው ከስልኩ ወጥቶ ጆሮዬን መታኝ። ከክርስትናው በፊት የቀረኝ ተራ አንድ ሐሙስ ነው። በዚያ ሐሙስ ካልቀናኝ፣ የአርማጭሆ አዳኝ የሚለው ስሜ እስከ ኒው ሀልፋ ድረስ መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ልጄም በአማቶቿ ፊት «የጉረኛው ልጅ» ልትባል ነው። ሞቼ እገኛለሁ!

ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስብሰለሰል አንድ የትራክተር ሹፌር «ገዳሪፍ ሙቀት የምታይ መነጽር መጥታለች» ሲል ሰማሁ። ጨለማ ቢሆን፣ ሣር ቢጋርደው፣ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ እንደ ፍም ነጭ ሆኖ ይታያል አለ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሙቀት ይሰማል እንጂ ይታያል? ኋላ ግን አሰብኩት። በእሷ ሚዳቋ ካየሁ አደንኩ፤ ሚዳቋ ከሌለ ደግሞ ኑርሁሴን ከማዶ ምን እንደሚሠራ አያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ለአውሬ ይገዛታል፤ እኔ ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ግማሽ ልቤ የገዛት ለጎረቤቴ ነው።

ለኑርሁሴን ምን ልበለው? «ጥርሴን አሞኛል» አልኩት። «ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ገዳሪፍ ሄጄ ላሳየው።»

ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። ሮጦ ቤቱ ገባና በወረቀት የተጠቀለለ ቅርንፉድ ይዞ ወጣ። «እነሱ ‹እንንቀለው› ነው የሚሉህ፤ እሺ እንዳትል» አለኝ። «ይህን ከታመመው ጥርስህ ላይ አድርገህ ነክሰህ ያዘው። ያስተኛሃል።»

ያስተኛሃል! ሰምታችሁልኛል? ተቀብዬ አመስግኜ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት እንጂ ወደ አፌ አላስጠጋሁትም።

በቦክሲ መኪና ተሳፍሬ ገዳሪፍ ገባሁ። መነጽር ሻጩ ሶላርና ራዲዮ የሚነግድ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ነው፤ ደንበኛው ሐበሻ ስለሚበዛ አማርኛውን ያቀላጥፈዋል።

«ሙቀት የምታይ መነጽር አለህ አሉ» አልኩት።

«ማነው ያለው?» አለኝ ዓይኑን አጥብቦ።

ወደድኩት። ሰው የሚጠረጥር ነጋዴ ጥሩ ሰው ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት መነጽሮች አወጣና ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። የመጀመሪያዋ ነገሩን ሁሉ አረንጓዴ አድርጋ ታሳያለች፤ የምትሠራውም በጨረቃና በከዋክብት ብርሃን ነው።

«ደመና ከሆነስ?»

«ያን ጊዜ አታይም።»

«ታዲያ ከእኔ ዓይን በምን ተሻለች?» ብዬ መለስኳት።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው ሙቀት የሚያዩት፤ አንዷ ትንሽ፣ አንዷ ትልቅ። ትልቋን አንስቼ በሱቁ የመስኮት መስተዋት ወደ መንገድ አነጣጠርኩ። ወይ ጉድ! መንገዱ የለም። በመንገዱ ፈንታ አንድ ፊቱ የሚንቦገቦግ ሰው ቆሞ፣ እሱም በዓይኑ አንዳች ነገር ደግኖ እኔን ያየኛል።

«ሐጂ! ውጭ ሆኖ የሚሰልለኝ ሰው አለ!» ብዬ ቁጢጥ አልኩ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ መስተዋት ሙቀት አያሳልፍም፤ ይመልሰዋል። የምታየው ራስህን ነው።»

ነጋዴ የሚለው አያልቅበትም ብዬ ወጣሁና በሱቁ ዙሪያ ፈለግሁ። ከአንዲት ኦቾሎኒ ሻጭ በቀር ሰው የለም። እሷንም ትንሽ ጠየቅኳት።

ከወጣሁ አይቀር እዚያው ልፈትናት ብዬ መነጽሯን አወጣሁ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው። የገዳሪፍን የቀትር ፀሐይ ለምታውቁ አልነግራችሁም፤ ለማታውቁ ደግሞ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አስፋልቱ፣ ግድግዳው፣ አህያው፣ የአህያው ጌታ፣ ሁሉም አንድ መልክ ሆኑ። አህያው የት ጋ አልቆ ግድግዳው የት ጋ እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። ባለአህያው ሲስቅ ጥርሱን ብቻ አየሁት መሰለኝ፤ እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም።

«አጭበርባሪ!» እያልኩ ተመለስኩ። «ሰውና ግድግዳ የማትለይ መነጽር!»

«ግድግዳው እንደ ሰው ከሞቀ እሷ ምን ታድርግ?» አለኝ ሐጂው ሳይቆጣ። «አንተ የምታድነው በሌሊት ነው፣ የምትፈትናት በቀትር። ሲቀዘቅዝ ማታ ና። እስከዚያ እዚህ ጥላው ውስጥ እጅህን ግድግዳው ላይ ለጥፍ።»

ለጠፍኩ።

«አንሳና በመነጽሯ እይ።»

አነሳሁና አየሁ። እጄ ግድግዳው ላይ ቀርቷል! አምስት ጣት፣ ከነመዳፉ፣ ነጭ ሆኖ ያበራል። እጄን አየሁ፣ ክንዴ ላይ አለ። ግድግዳውን አየሁ፣ እዚያም አለ። እናቴ ድሮ «ጥፍርህንና ፀጉርህን ሰው ቤት አትጣል» ትለኝ ነበር፤ እኔ ሙሉ እጄን ሰው ሱቅ ውስጥ ጥዬ ልሄድ ነው! ሻሼን ፈትቼ ግድግዳውን መፈግፈግ ጀመርኩ። ስፈገፍገው የባሰ ሞቀና ተስፋፋ። ሐጂው ሆዱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እየሳቀ ወይ እያለቀሰ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ማታ ግን፣ አይዋሽም፣ ጉድ አየሁ። ቀዝቀዝ ሲል መንገዱ ጠቁሮ ሰው ነጭ ሆነ። በቆጥ ላይ ያሉ ዶሮዎችን በርብራቡ መሃል ቆጠርኩ። ከአጥር ሥር ያደፈጠች ድመት አየሁ፤ ድመቷ ስለ እኔ ምንም አታውቅም። ልቤ አመነ። ልቤ ሲያምን ደግሞ እኔ እደነግጣለሁ፤ ያመኑት ፈረስ አይደል በደንደስ የሚጥለው?

«ለአንተ ትንሿ ትበቃሃለች» አለ ሐጂው። «ትልቋ ቪዲዮ ትቀዳለች፣ ባትሪዋም እስከ ንጋት ትቆያለች፤ ላንተ ግን ምን ያደርግልሃል?»

አሃ! ትንሿን ሊያራግፍብኝ ነው! «ትልቋን» አልኩት። ወይፈኔን የሸጥኩበት ገንዘብ እዚያው ቀረ።

«እሺ፤ ቀይዋ ነጥብ ከበራች እየቀዳች መሆኑን እወቅ» አለኝ።

«ለማን ነው የምትቀዳው?»

«ለራስህ ነዋ!»

አላመንኩትም፤ ግን ሰላም ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ስመለስ ኬላ ላይ ወታደር አስቆመን። ቦርሳዬን ከፍቶ መነጽሯን ሲያይ ቅንድቡ ተሰቀለ። ድንበር አካባቢ የሚኖር ሐበሻ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ ሲገኝ ምን እንደሚታሰብ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፤ ወታደሩን ብሆን ኖሮ ራሴን አስር ነበር። «ለዓይኔ ነው፤ ዓይኔን ያመኛል» አልኩት። ለኑርሁሴን ጥርስ፣ ለወታደር ዓይን፤ ኬላው ሁለት ቢሆን ጆሮዬም ይታመም ነበር። ወታደሩ ዓይኑ ላይ አድርጎ ዙሪያውን አየ፣ ጓደኛውን አየ፣ በጓደኛው እጅ ያለውን ሻይ አየ፣ የራሱንም ሻይ አየ። «የእሱ ሻይ ከእኔ ለምን ይሞቃል?» ብሎ መነጽሯን አንድ ሳጥን ላይ ጥሎ ሻይ ወደሚያፈላው ሰው ሲሄድ፣ ሹፌራችን መነጽሯን ከሳጥኑ ላይ አንስቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝና ነዳን።

ሐሙስ ደረሰ። መሽቶ ወደ ኩሬዋ ስንሄድ ኑርሁሴን መንገዱን ሁሉ ስለ ጥርሴ ይጠይቀኛል። «ቅርንፉዱን ነክሰኸዋል?» «እየነከስኩት ነው።» «አብጦብሃል እንዴ? ድምፅህ ተለውጧል።» ውሸት ድምፅ ይለውጣል መሰለኝ። ሲለየኝ «አላህ ይቅናህ፣ ለልጅ ልጅህ ክርስትና ነው» ብሎ ወደ ማዶ ተሻገረ።

እኔ ከአንድ ዛፍ ሥር ቦታዬን ያዝኩ። ከፊቴ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ኩይሳ አለ፤ ከእሱ ኋላ ተሸሽጌ መነጽሯን አበራኋት። ምን እንደነካሁ እንጃ፣ ቀይዋ ነጥብ ቦግ አለች። ኑርሁሴን ሊያይብኝ ነው! ለቁስል ብዬ የያዝኩትን ፕላስተር ቆርጬ ድፍን አደረግኋትና ወደ ማዶ አነጣጠርኩ። ኑርሁሴን ነጭ ሆኖ ታየኝ። ሰገደ። ተቀመጠ። ጉልበቱን አሸ። አዛጋ። ጆሮውን አከከ፤ ይሄ ምልክት ይሆን እንዴ? ብዬ ሚዳቋ ፈለግሁ፣ የለም። ሲያክክ ሲያሽ ሲያዛጋ ስጠብቅ ዓይኔ ደከመ። ጨረቃ ስትወጣ የመነጽሯ ትልቁ ዓይን አብለጭልጮ እንዳያጋልጠኝ ብዬ ፊቷን ከእሱ አዞርኩና ኩይሳው ላይ አስቀመጥኳት፤ ወደ እኔ አፍጥጣ ቀረች። ከዚያ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ወገቤን ለማሳረፍ ያህል ጋደም አልኩ። ለማሰብም ያህል ዓይኔን ከደንኩ።

የኑርሁሴን ሳል ተሰማ። ነግቷል።

ውኃውን ዞሮ መጣ። አንገቱን ደፍቷል። «ማፊ» አለኝ። «ምንም አልመጣም።»

ደሜ ፈላ፤ ግን ማስረጃ ስላልነበረኝ ዋጥኩት። መነጽሯን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤት ገባሁ።

እሑድ ሕፃኑ ክርስትና ተነሳ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢያችን ካለው የሣር ዳስ፣ ከረኩባው ሥር እንግዳው ጢም ብሏል። ሁለት ፍየል ነው የታረደው፤ አንዱን እኔ ለክርስቲያኑ፣ ሌላውን ኑርሁሴን ለእስላም ጎረቤቶቻችን። የኒው ሀልፋው አቶ ፈንታ ሳህኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ።

«የሀዋታ ሚዳቋ ፍየል ፍየል ትሸታለች ልበል?» አሉ።

ቤቱ ሳቀ። ልጄ አለም አንገቷን ደፋች። እሷ አንገቷን ስትደፋ ሳይ አንጀቴ እርር አለ። በዚህ መሃል አማቼ፣ የአለም ባል፣ መነጽሯን ከጓዳ አግኝቷት ኖሮ ሲያገላብጥ ፕላስተሩን ላጠው።

«አባባ፣ ይቺ እኮ ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ ስትቀዳ አድራለች» አለኝ።

ብድግ አልኩ። እግዜር ማስረጃ ሰጠኝ! ሳስቀምጣት ፊቷን ወዴት እንዳዞርኩት እንኳ ትዝ አላለኝም። «ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው!» ብዬ ጮህኩ። «እንግዶቼ፣ እኔ ማደን አቅቶኝ እንዳይመስላችሁ! ዓመት ሙሉ በተራዬ አውሬ የሚያባርርብኝ ሰው አለ። እዚሁ ነው የተቀመጠው። ዛሬ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ!» ስሙን አልጠራሁም፤ ጣቴ ግን ጠራው። ኑርሁሴን የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

ቴሌቪዥኑ በራ። ከማዶ አንድ ነጭ ሰው ይሰግዳል፣ ይቀመጣል፣ ጉልበቱን ያሻል። «ጠብቁ፣ ጠብቁ» እላለሁ እኔ። ከዚያ ምስሉ ተገለበጠ፣ ሰማይ መጣ፣ ዛፍ መጣ፣ ከዛፉ ሥር አንድ ትልቅ ነጭ ክምር ተጋድሞ ታየ።

«ያ ምን አውሬ ነው? ከርከሮ ነው?» አሉ አቶ ፈንታ።

ክምሩ አፉን ከፈተ። የአፉ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያበራል።

«ኧረ ባሌ ነው!» አለች ብርቄ። «በአተኛኘቱ አወቅኩት!»

አማቼ ምስሉን ወደፊት አሮጠው። ክምሩ እንደተኛ ነው። ድንገት በግራ በኩል ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ አሉ። ሚዳቋ! ወደ ውኃው ወርዳ ከምስሉ ጠፋች፣ ጠጥታ ተመለሰች፣ ወደ እኔ መጣች፣ አንገቷን ዘርግታ ጫማዬን አሸተተች። ሌላም ተከተለቻት፤ እሷ ደግሞ ጠመንጃዬን አሸተተች።  በምስሉ ዳር ኑርሁሴን በጉልበቱ እየዳኸ መጣ። የራሱን ጠመንጃ አነሳ፤ እኔን አየ፤ መልሶ አወረደው። ከመሬት አንዲት ጠጠር አነሳና ሊወረውርብኝ እጁን ዘረጋ። ግን ጠጠሯን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ መለሳት። ሚዳቋዎቹ በልተው ጠጥተው እንደጠገቡ እንግዶች ቀስ ብለው ሄዱ። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ጋቢውን ከትከሻው አወለቀና አለበሰኝ። ጋቢው ሲያርፍብኝ ከምስሉ ጠፋሁ፤ አፍንጫዬ ብቻ ቀረች። እሱ ጉልበቱን አቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ጣቶቹ ከዳር እየጠቆሩ፣ እየቀዘቀዙ ሄዱ። ጎህ ሲቀድ ጋቢውን በሁለት ጣት አነሳ፣ ወደ ማዶ ሄዶ ከምስሉ ወጣ፣ ከዚያ ሳሉ ተሰማ።

ምስሉ አለቀ። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቀ፤ አለምም ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኔና ኑርሁሴን ብቻ አልሳቅንም። አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ያፈርኩት ሁሉ ተደምሮ የዚያን ያህል አይሆንም።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?» አልኩት።

«‹ትንፍሽ አትበል› ያልከው አንተ። ‹አትተኩስ› ያልከውም አንተ።»

«ጠጠሯንስ? ለምን መለስካት?»

«ሌላ ጊዜ እወረውር ነበር፤ ሆድህን ታክና ትገላበጣለህ። ያን ዕለት ግን ጥርስህ ሦስት ሌሊት እንዳላስተኛህ ነግረኸኛል። ወላሂ አሳዘንከኝ። ሥጋ ከፍየልም ይገኛል፤ እንቅልፍ ከየት ይገዛል ብዬ ተውኩት።»

«ዓመት ሙሉ ‹ምንም አልመጣም› ስትለኝስ?»

«ታዲያ ምን ልበልህ? ‹ሚዳቋዋ ጫማህን አሽታ ሄደች› ልበልህ? አዳኝ ነኝ የምትል ሰው?»

 አቶ ፈንታ እንኳ የፍየሉን ሥጋ ሳያሸቱ ጎረሱ። ኑርሁሴን ቀና ብሎ አየኝና «ለመሆኑ ጥርስህ እንዴት ሆነ?» አለኝ፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ብርቄ «የምን ጥር...» ልትል አፏን ስትከፍት እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ሰደድኩ። ወረቀቱ እንደተጠቀለለ ነው። ፈታሁት፣ ቅርንፉዱን እንዳለ ጎረስኩት፣ ጤነኛ ጥርሴ ላይ አድርጌ ነከስኩ። ምላሴ ተቃጠለ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«አሁንም ያምሃል ማለት ነው» አለኝ።

«አዎ፣ ያመኛል» አልኩት።

ሕጌን በዚያው ዕለት ሻርኩት። መነጽሯንም ተራው የማንም ይሁን የሚይዛት ኑርሁሴን ነው፤ ሚዳቋ ሲያይ በክርኑ ይጎሽመኛል። ስኳሩን አሁንም እቀምሳለሁ፤ የአባት ነገር ነው፣ አይለቅም። ኑርሁሴን ግን ጥርሴ እስከ ዛሬ እንደሚያመኝ ያምናል። በየገበያው ቀን ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ እኔም ወረቀቱ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላይ እጎርሰዋለሁ።